«ፀሐይ» ለምን ትንተባተባለች? የአንድ ትንሽ ሞተር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ፀሐይ ዛሬም አልበርም አለች።

ፀሐይ የእህቴ ልጅ አውሮፕላን ናት። በክረምቱ ዕረፍት እኔና እሷ ከፎም ቆርጠን፣ በሙጫ አጣብቀን የሠራናት የሪሞት አውሮፕላን። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ነው። ስሙን ያወጣችው ልጅቷ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው፣ በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በጥር 2016 ወደ አገሯ የተመለሰችው አውሮፕላን ስም ነው። ቅርጻቸው አይመሳሰልም። ስሙ ግን ክንፉ ላይ በቀይ ማርከር፣ በትልቁ ተጽፏል።

ሕመሟ እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ጤነኛ ነው። በሹፌር ቋንቋ ነዳጅ ስሰጠው፣ ከግማሽ በላይ ሲያልፍ፣ ቀጭን ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ ይንተባተብና ቀጥ ይላል። ጥቂት ካረፈ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ገና ሲነሳ ግራ ቀኝ ይንቀጠቀጥና አልዞርም ይላል።

ዕቃዎቹን ልጻፍ፣ ኋላ እንዳልረሳ። ሞተሩ 2212 የሚባለው ነው። 22 ማለት መዳቡ የተጠቀለለበት ብረት ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 12 ደግሞ ቁመቱ። ካርቦን የለውም፣ ብራሽለስ ነው። ሦስት ሽቦ ይወጣዋል። 1000 ኬቪ ነው፤ ጭነት ሳይኖርበት በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ባትሪው ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር)፣ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት። ኢኤስሲው፣ ማለትም ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል ለሦስቱ ሽቦዎች ተራ በተራ የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት፣ ባለ 30 አምፔር ነው። ፕሮፔለሩ 10 በ4.5፤ 10 ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት በኢንች፣ 4.5 ደግሞ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ኢንች።

አንድ ወዳጄ ስልክ ደውዬ ሳስረዳው «ተቃጥሏል፣ አዲስ አስመጣ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሞተር እዚህ አገር ከሱቅ ገብቶ የሚገዛ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን አለብኝ። ደግሞ የተቃጠለ ሞተር ይሸታል። ይሄ አይሸትም። አፍንጫዬን አስጠግቼ ደጋግሜ አሸተትኩት። ንጹሕ ነው።

ፕሮፔለሩን አውልቄ ሞከርኩት። እስከ መጨረሻው ነዳጅ ብሰጠውም ዘፈነ እንጂ አልተንተባተበም። እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

ጥቅምት 3፣ እሁድ

ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቅን። አራት ኪሎ ላይ ሆኖ በእሁድ ጠዋት እንዲህ ያለ ጩኸት ማስነሳት ነውር ነው።

ሞተሩን ከአውሮፕላኑ ነቅዬ በወፍራም ጣውላ ላይ በአራት ብሎን አሰርኩት። ጣውላውን ከበረንዳው ጠረጴዛ ጋር በሞርሳ አጣበቅኩ። ፕሮፔለር ያለበት ሞተር ሲፈተሽ ሰው ከኋላ ይቆማል፤ በጎንና በፊት ማንም አይቆምም። ልጅቷን በሩ ውስጥ አቆምኳት። ይህን ሕግ ለእሷ ስነግራት ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። የ10 ኢንች ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው። ያረጀ ሊፖ ሳይጫን 12.6 ያሳያል፣ ሲጫን ይወድቃል። ኢኤስሲው ደግሞ ቮልቱ ሲወርድ ባትሪውን ለማዳን ሞተሩን ይቆርጣል። ቮልትና አምፔር የሚያሳየውን ዋት ሜትር በመሃል ሰክቼ ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁት። እስኪንተባተብ ድረስ 8 ሰከንድ ያህል ሠራ። ቮልቱ 11.2 ላይ ቆመ። በሴል 3.7 ገደማ መሆኑ ነው። ባትሪው ደህና ነው።

አምፔሩ ግን አሳሰበኝ፦ 12.4። ለዚህ ሞተርና ለዚህ ፕሮፔለር የተሠራው ሰንጠረዥ ወደ 15 ይላል። «ሞተሩ ደክሟል፣ ማግኔቱ ሞቷል» ብዬ ግማሽ ቀን አዘንኩ።

ማታ ሻይ ስጠጣ ነው የገባኝ። ሰንጠረዡ የተሠራው ለባሕር ወለል ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ ከባሕር ወለሉ አየር አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። ፕሮፔለር አየር ነው የሚገፋው። የሚገፋው ነገር ሲቀልለው ሞተሩ የሚጠጣውም አምፔር ያንሳል። 15ን በአራት አምስተኛ ብናባዛው 12 ይመጣል። ሞተሩ ጭነቱ ሲቀልለት ትንሽ ፈጠን ስለሚል ከ12 ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ 12.4 ከዚህ ከተማ አየር የመጣ ቁጥር ነው፤ በሽታ አይደለም።

ይህ ነገር አዲስ አበባ ላይ ሞዴል ለሚሠራ ሁሉ ዋና ነገር ነው። አውሮፕላኗን የሚገፋት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በእጅ ስንወረውራትም ክንፏ እንዲሸከማት አሥራ ሁለት በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ትፈልጋለች። «ታዲያ 11 ኢንች ፕሮፔለር አድርግባት» የሚል ይኖራል። አምፔሩ ይፈቅዳል። ግን ስስ አየር ሙቀትም ደህና አድርጎ አይወስድም። እኔ 10ሩን አልለውጥም።

ኢኤስሲውን ከሌላ አውሮፕላን ነቅዬ ቀየርኩት። ያው ፉጨት፣ ያው መንተባተብ። ኢኤስሲውም ነፃ ወጣ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ከሥራ እንደገባሁ ሞተሩን ከፈትኩ። ከኋላ ያለችውን ቀለበት በቀጭን ካቻቢቴ ፈልቅቄ ሳወጣ በመዳፌ ሸፈንኳት። ይህች ቀለበት ከዘለለች በረንዳው ላይ አትገኝም።

የውጪው ቆብ ወጣ። በውስጡ 14 ማግኔቶች ተደርድረዋል። በመካከል ደግሞ 12 ጥርስ ያለው፣ ከስስ ላሜራ የተደራረበው ብረት፣ መዳብ ተጠቅልሎበት።

ማግኔቶቹ ጢም አብቅለዋል።

ከታች፣ ምድር ቤት፣ የበርና የመስኮት ብረት የሚበየድበት ቤት አለ። ግራይንደሩ ቀኑን ሙሉ ይፈጫል። የብረት ብናኙ ወደ በረንዳችን ይወጣል። የሚወደው ደግሞ ማግኔት ነው። እያንዳንዱ ማግኔት ጫፍ ላይ ጥቁር፣ አጭር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ፀጉር አለ። በማግኔቱና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሚሊሜትር በታች ነው። ያ ፀጉር እዚያ ውስጥ ሲፋቅ ይሰማል።

በብሩሽ ቢጠረግ አይወጣም። ከአንዱ ማግኔት ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ። ፕላስተር በክብሪት እንጨት ላይ ገልብጬ ጠቀለልኩና እየነካሁ ነቀልኩት። አንዱን ማግኔት ለማጽዳት ሦስት ቁራጭ ፕላስተር። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ማግኔቶቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ ገፋኋቸው። የላላ የለም። መዳቡም ወርቅማ ነው፤ የጠቆረ ቦታ የለውም። ኩሽኔታዎቹ ትንሽ ይሻክራሉ። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደረግሁባቸው።

ገጠምኩ። ሲዞር ድምፁ እንደ ሐር ሆነ። ልጅቷ «በቃ ዳነች!» ብላ አጨበጨበች።

ፕሮፔለሩን አስገብተን ነዳጅ ሰጠን። 9 ሰከንድ። ፉጨት። ቀጥ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

መብራት የለም። ምንም አልተሠራም።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ዛሬ ነገሩን ያገኘችው እሷ ናት።

እኔ ቴስተሩን ይዤ ከሽቦዎቹ ጋር እታገል ነበር። የሞተሩን ሦስት ሽቦዎች በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብዬ ለየሁ። በመካከላቸው ያለው ሬዚስታንስ እኩል መሆን አለበት። ግን የእኔ ቴስተር ይህን አይለካም። ሁለቱን ዘንግ እርስ በርስ ሳነካካቸው ራሱ 0.3 ኦም ያሳያል። የሞተሩ ጥቅል ደግሞ ወደ 0.1 ኦም ነው። በኪሎ ሚዛን በርበሬ ፍሬ እንደ መመዘን ነው። ከማንኛውም ሽቦ ወደ ብረቱ የሚያልፍ ሾርት አለመኖሩን ግን አረጋገጥኩ። የለም።

አንዴ አስነሳሁት። ፉጨት። ቀጥ። ባትሪውን ነቀልኩ። ልጅቷ መጣችና ሞተሩንና ሽቦዎቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«አጎቴ፣ 3 ቁጥር ይሞቃል።»

«ሞተር ሲሠራ ይሞቃል።»

«እሱ ሳይሆን ፒኑ። 1ና 2 ቀዝቃዛ ናቸው። 3 ግን ያቃጥላል።»

ነካሁት። እውነቷን ነው። ወርቅማዋ ፒን ከሽቦው ጋር የምትገናኝበት ቦታ፣ በጥቁሩ ላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ጣት አያስቆይም። ስድስት ቀን ሙሉ ባትሪ፣ ኢኤስሲ፣ ማግኔት፣ ኩሽኔታ እያልኩ ሳገላብጥ፣ ሦስቱን ፒን አንድ ላይ ነክቼ አላውቅም።

ሙቀቱ የሞተሩ ነው ወይስ የኢኤስሲው? ይህን ለመለየት ሦስቱንም ሽቦዎች በአንድ በአንድ ሶኬት አዛወርኳቸው። 3 ቁጥር ወደ ኢኤስሲው ሌላ ሶኬት ገባ። ሦስቱም በአንድ ላይ ስለተዛወሩ የሚዞርበት አቅጣጫ አይለወጥም፤ አቅጣጫው የሚገለበጠው ሁለቱን ብቻ ሲያቀያይሩ ነው። አስነስተን አቆምን። አሁንም የሞቀው 3 ቁጥር ነው። ሙቀቱ ከሞተሩ ሽቦ ጋር አብሮ ሄደ። ጥፋቱ ከሞተሩ ወገን፣ ከ3 ቁጥር ሽቦ ላይ ነው።

የቅዳሜው ነገርም አሁን ገባኝ። ፕሮፔለሩ ሲወልቅ ሞተሩ የሚጠጣው ከ1 አምፔር ብዙም አይበልጥም። መጥፎ ኮንታክት 1 አምፔር ያሳልፋል፤ 12 ሲመጣበት ነው የሚሸነፈው። ሲሸነፍ አንዱ ሽቦ የለም ማለት ነው። ኢኤስሲው ደግሞ ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚያች ቅጽበት ኃይል ካልተሰጠው ሽቦ በሚመለሰው ቮልቴጅ ነው። ሽቦው ሲጠፋ ኢኤስሲው ይደናገራል። ፉጨቱም መንተባተቡም ይኸው ነው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዳይናሞ የሚጠቀልሉ አንድ አባት አሉ። ድሮ ሱቃቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ወደ ተክለ ሃይማኖት ተዛወሩ። የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የመኪና ዲናሞ ሲጠቀልሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። በታክሲ ሄድን። ልጅቷ ሞተሩን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሞተሩን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት።

«ይሄን የምታክል ዳይናሞ ጠቅልዬ አላውቅም፣ ልጄ።»

«እንድትጠቀለል አይደለም ጋሼ። ሬዚስታንሷን እንዴት እንደምለካ እንዲያሳዩኝ ነው። ቴስተሬ አልችል አለ።»

«በቴስተር ኦም አይለካም ይሄ። ኩረንት አሳልፍበትና የሚወድቀውን ሚሊ ቮልት ለካ። አምፖል አለህ?»

አልነበረኝም። ሶማሌ ተራ ቅርብ ነው፤ ሄጄ የፍሬቻ አምፖል ገዛሁ፣ 12 ቮልት 21 ዋት። አምፖሉን ከባትሪው፣ ከሞተሩ ሁለት ሽቦዎችና ከቴስተሩ ጋር በተከታታይ አገናኙት። አምፖሉ በራ። 1.7 አምፔር። አምፖሉ ራሱ ኩረንቱን ስለሚገድበው ሞተሩ አይጎዳም። ከዚያ በሌላ ቴስተር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሚሊ ቮልቱን አነበቡ። ልጅቷ በደብተሯ ጻፈች።

1 ከ2፦ 155። 1 ከ3፦ 251። 2 ከ3፦ 254።

ቁጥሩን ሳይ ልቤ ደስ አለው። 3 ቁጥር ያለበት ንባብ ሁሉ ወደ 100 ሚሊ ቮልት ይበልጣል። 3 ቁጥር የሌለበት አንዱ ጤነኛ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ሾርት ቢኖር ኖሮ ንባቡ ይወርድ ነበር እንጂ አይወጣም። ትርፉ ወደ 0.057 ኦም ነው። ትንሽ ይመስላል። በ12 አምፔር ግን በዚያች ጥፍር በምታክል ፒን ላይ ከ5 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጥራል።

«ሽቦውን ያሳጠርከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ክረምት ላይ። ረዘመብኝና ቆረጥኩት።»

«ቫርኒሹን ፍቀኸዋል?»

ዝም አልኩ። አልፋቅኩም። ከፋብሪካ ሲመጣ የሽቦው ጫፍ ቫርኒሹ ወልቆ፣ ሊድ (ቀልጦ ሽቦን ከፒን የሚያጣብቀው ብረት) ጠጥቶ ነበር። እኔ ያንን ጫፍ ቆርጬ ጣልኩት። ቀጥሎ ያለው መዳብ ራቁቱን መስሎኝ ነበር። ግን ጥቅሉ ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ ነው ተጎንጉኖ የሚወጣው። እያንዳንዱ ክር ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቫርኒሽ ለብሷል። ቫርኒሽ ደግሞ መዳብ የመሰለ ቀለም አለው፤ ዓይን ይሸውዳል። ሊድ በላዩ አይዝም።

«መዳብ ልብሱን ካላወለቀ አይበየድም» አሉና ሞተሩን ለልጅቷ መለሱላት። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። በግድ ለሻይ ብዬ ተውኩላቸው።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ላስቲኩን ቀድጄ 3 ቁጥርን ከፒኗ ነቀልኩ። ያየሁትን ልጻፍ።

8 ክሮች አሉ። ሊድ የያዘው ሁለቱን ነው፤ በአንዱም ላይ ጫፉን ብቻ ነካ አድርጎታል። የቀሩት ክሮች በሊዱ መካከል ቆመዋል፤ ዙሪያቸውን ቀጭን ጥቁር ክብ አለ። ስስባቸው እንደ ጥርስ መፋቂያ አንድ በአንድ ከሊዱ ወጡ። ቀዳዳቸው ሊዱ ላይ ቀረ። ከላይ ሲታይ ግን ብየዳው የሚያብረቀርቅ፣ ቆንጆ ነበር። ክረምት ላይ ስጨርሰው በፎቶ አንስቼው ነበር።

1ና 2 ቁጥርንም ፈታሁ። እነሱም ሙሉ አልነበሩም፤ መበየጃው ብዙ ስለቆየባቸው ቫርኒሹ በሙቀት ተቃጥሎ አብዛኛው ክር ይዟል። ዕድል ነው ያዳናቸው።

ሥራው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክሮቹን እንደ ማራገቢያ ዘረጋኋቸው። እያንዳንዱን በጣውላ ላይ አስተኝቼ በምላጭ ጀርባ ዙሪያውን ፋቅኩ፣ ከዚያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት። ቫርኒሹ የወለቀበት መዳብ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ያልወለቀበት ቀላ ያለ ቡኒ። አንዴ ካዩት ልዩነቱ አይጠፋም። ሊድ እንዲይዝ የሚረዳውን ፍላክስ ቀባሁ። መጀመሪያ ክሮቹን ለብቻቸው ሊድ አጠጣሁ። ሊዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ ገባባቸው፤ ውሃ ጨርቅ ላይ እንደሚሄደው። ከዚያ ፒኗን አሙቄ ከተትኳቸው።

አምፖሉን አበራን። ልጅቷ አነበበች፦ 149። 150። 150።

«ደግመሽ ለኪ» አልኳት። ለካች። ያው ነው።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሥራ በዛብኝ። ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ጣውላው ላይ መልሼ አሰርኩ። ለጥንቃቄ የሪሞቱን ስቲክና ኢኤስሲውን እንደገና አስተዋወቅኳቸው፦ ስቲክ እስከ ላይ፣ ባትሪ፣ ሁለት ጢጥ፣ ስቲክ እስከ ታች።

ሙሉ ነዳጅ 1 ደቂቃ። 12.9 አምፔር፣ 11.2 ቮልት፣ 144 ዋት። ፉጨት የለም። ከዚያ በግማሽና በሦስት አራተኛ መካከል እየወጣን እየወረድን 5 ደቂቃ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይሰበርም። በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ።

አቆምን። ባትሪውን ነቅዬ ልጅቷን «ንኪ» አልኳት። ሦስቱም ፒኖች ለብ ብለዋል፣ እኩል ናቸው። የሞተሩ ቆብ ላይ ጣቷን አሳርፋ አሥር ቆጠረች። ይህ ጥሩ ነው። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት 80 ዲግሪ ካለፈ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፤ ጣት የሚያርፍበት ብረት ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው።

ጣውላው ላይ በእርሳስ «3 ቁጥር፣ ጥቅምት 10» ብላ ጻፈች።

ከተማ ውስጥ አናበርም። ፈቃድ ካላቸው ሰዎች ጋር ከከተማ ውጪ ለመውጣት ተነጋግረናል። እስከዚያ የቀረ ሥራ አለ። ሞተሩን ፀሐይ አፍንጫ ላይ ስመልስ ኢኤስሲው ፎሙ ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀመጥ ከፊት አየር መግቢያ፣ ከኋላ ደግሞ ሰፋ ያለ መውጫ እቆርጥለታለሁ። በማግኔቱ ላይ የብረት ብናኝ እንዳይገባ ልጅቷ ከአሮጌ ካልሲ ኮፍያ ሰፍታለታለች፤ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ይለብሳል። የኋላው ኩሽኔታ አሁንም ትንሽ ይዘምራል። እሱን ሰው ከውጭ ሲመጣ አስመጣለሁ።